ለእንግዳ የተለቀለቀ ግድግዳ

መስኡዳን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ብዙ ሰው አያውቃትም። ዓሣ የሚገዛ ሰው እጇን ያውቀው ይሆናል እንጂ ፊቷን ልብ አይልም። ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ በሚጠጉበት፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ቁጢጥ ብላ ዓሣ የምትበልት ሴት ናት። ቆሮሶ ሲመጣላት ቅርፊቱን ትገፍፋለች፣ ሆዱን ትከፍታለች፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ለይታ ሳህን ላይ ታስቀምጣለች። ቀና አትልም። ሰው ሲያናግራት «እሺ» ትላለች። ሲቆጧትም እሺ ነው፣ ሲያመሰግኗትም ያው እሺ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረችም ይላሉ የሚያውቋት። አምባሰል ተራራው ሥር ያደገች፣ ሳቋ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ ልጅ ነበረች አሉ። ባሏ ኑርዬ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ሳዑዲ ከሄደ ወዲህ ነው እንግዲህ። መጀመሪያ ጁምዓ ጁምዓ ይደውል ነበር። ቀጥሎ በወር ሆነ። ከዚያ ስልኩ አልነሣ አለ። ሞተ የሚል ወሬ አልመጣ፣ አለ የሚልም አልመጣ። መስኡዳም ለቅሶ አልተቀመጠች፣ ተስፋም አላደረገች። ውስጧ እንደ ተኙበት ክንድ ደንዝዞ ቀረ። እጇ ብቻ ይሠራል።

የቀረቻት ልጇ ኢልሀም ናት፤ ሰባት ዓመት ሆኗታል። ሁለቱ የሚኖሩት በከተማው ታችኛው በኩል፣ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ሰፈር፣ እትዬ ሰብለወንጌል ግቢ ውስጥ ነው። ከዋናው ቤት ጀርባ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተው።

እትዬ ሰብለ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጆቻቸውም ደሴና አዲስ አበባ ገብተው የቀሩባቸው ሴት ናቸው። የሚተዳደሩት በዚያች ክፍል ኪራይና በጌሾ ነው። ጌሿቸው የታወቀ ነው። ጠላ ጠማቂዎች ከውጫሌ ሳይቀር እየመጡ ይወስዱታል። የተተከለው የመስኡዳን ክፍል የኋላ ግድግዳ ተጠግቶ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ጥቅጥቅ ብሎ። ከቧንቧው የምትወጣ ቀጭን ቦይ ግድግዳውን ታካ ታልፋለች፤ እትዬ ሰብለ በበጋ ጧትና ማታ በሷ ያጠጡታል።

ተከራይና አከራይ ብቻ አልነበሩም ግን። መስኡዳ ጎህ ሲቀድ ወደ ሐይቁ ስትወርድ ኢልሀምን የሚቀሰቅሷት፣ ፊቷን አጥበው ጸጉሯን አበጥረው ትምህርት ቤት የሚሰዷት እሳቸው ናቸው። ልጅቷ «እማማ» ትላቸዋለች። መስኡዳንም «ልጄ» እንጂ ሌላ ስም ጠርተዋት አያውቁም። «ቤቱ ቤትሽ ነው» ይሏታል። እሷ ለሶላት ስትሰግድ ራዲዮናቸውን ይዘጋሉ። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው።

ታዲያ ያ ግድግዳ አለ።

መጀመሪያ ከወለሉ አጠገብ ጠቆር ያለ ነገር ነበረ። መስኡዳ ጥላሸት መስሏት ጠረገችው። ተመለሰ። እያደር ወደ ላይ ወጣ። አልጋው ያለው እዚያው ጥግ ነው፤ ክፍሏ ሌላ ቦታ የላትም። ፍራሹን ስታነሣው ሥሩ እርጥብ ነው። ልብስ ምስማር ላይ ብትሰቅል በማግስቱ ሻግቶ ይሸታል። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ዓሣ ውስጥ ስለምትውል ሽታው ከራሷ ይሁን ከግድግዳው መለየት አልቻለችም።

ከዚያ የኢልሀም ደረት ማፏጨት ጀመረ። ጉንፋን ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠቻት። ዝንጅብል አፈላችላት። ትንሽ ይሻላትና ይመለስባታል። ክረምቱ ወጣ፣ ኅዳር ገባ፣ የሰው ልጅ ሁሉ ደረቱ ሲከፈት የሷ ልጅ ባሰባት። ከትምህርት ቤት ስትመጣ መንገድ ላይ ድንጋይ እየፈለገች ትቀመጣለች። አንድ ቀን መስኡዳ ሥራዋን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት።

ነርሱ ወጣት ነው። የልጅቷን ጀርባ አዳመጠና ጠየቃት።

«ቤታችሁ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው» አለች መስኡዳ።

«እርጥበት አለው?»

«ትንሽ።»

«ሻጋታስ?»

ኢልሀም መለሰችለት። «አለ። እኔ የምተኛበት ጋ ጥቁር ነው። ጸጉር አለው፣ እንደ ድመት።»

ነርሱ መሣሪያውን ከጆሮው አወረደ። «ስሚኝ እህቴ። የሚነፋ መድኃኒት እሰጥሻለሁ፣ ይረዳታል። ግን ቀን ሲሻላት ማታ እዚያ ግድግዳ ሥር ስትተኛ ይመለስባታል። ወይ ግድግዳው ይስተካከል፣ ወይ ልጅቷ ከዚያ ትውጣ።»

«እሺ።»

«እሺ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን ትንፋሿ እስከ መጨረሻው ሊቆም ይችላል። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ገብቷታል ደግሞ። ሰምታዋለች። ግን እንደ ሰው ወሬ ነው የሰማችው። ልጇን እጇን ይዛ ስትወጣ አስፋልቱ ላይ የወልድያ ሚኒባስ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ «ሻጋታ ጸጉር አለው ለካ» ብላ አሰበች፤ ሌላ ምንም አላሰበችም።

በማግስቱ ሐይቁ ዳር ለዘሀራ ነገረቻት። ዘሀራ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ዓሣ የምትበልት፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የማይተናነስ ሴት ናት።

«ለአከራይሽ ነገርሻቸው?»

«አልነገርኋቸውም።»

«ለምን?»

«ጌሿቸው ነው እኮ ውሃውን የሚያመጣው። ጌሾውን ንቀሉ ልበላቸው?»

«በያ!»

«ልጄ እያሉኝ?»

«ወይ መስኡዳ!» አለች ዘሀራ፣ በያዘችው አምባዛ እየጠቆመቻት። «ይሄ እንኳ ሲያርዱት ይንፈራገጣል፣ ወላሂ። አንቺን ግን ሳህን ላይ ብንዘረጋሽም እሺ ነው የምትይ። ተከራይ ነሽ፣ በዘካ አልተቀመጥሽ። ሰው የማያኖር ቤት ማከራየት ክልክል ነው። ቀበሌ ሄደሽ አመልክች።»

«እኔ መናገር አልችልበትም።»

«እኔ እናገርልሻለሁ። አንቺ እዚያ ቁሚልኝ ብቻ።»

እውነትም ዘሀራ ናት የተናገረችው። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት የማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ አቶ ምንይችልና የጤና ባለሙያዋ ፋሲካ ነበሩ። መስኡዳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በር አጠገብ ቆመች። ዘሀራ ስትጨርስ አቶ ምንይችል ወደ እሷ ዞረ።

«እትዬ ሰብለን አነጋግረሻቸዋል?»

ራሷን ነቀነቀች።

«ለምን?»

«እናቴ ናቸው» አለች፣ ድምጿ ሳይወጣ።

«እናትሽን ነው የምትከሺው?»

«ግድግዳውን ነው የምትከሰው!» አለች ዘሀራ።

ፋሲካ ፈገግ አለች። «ነገሩን ማየት ነው ያለብን። ሻጋታው የት ድረስ እንደወጣ፣ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ። ረቡዕ ጧት ቤትሽ እንመጣለን። እስከዚያ ምንም አትንኪ።»

መስኡዳ «እሺ» አለች። ግን ከተባለው ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «ቤትሽ እንመጣለን» የሚለው ነው።

የመንግሥት ሰው ቤቷ ሊገባ ነው። አንዷ የተማረች ሴት ናት። ያንን ግድግዳ፣ ያንን ጥቁር ጸጉሩን ሊያዩባት ነው። ምን ይሏታል? ጎረቤት ምን ይላል? ያደገችው እንዲህ አይደለም። እናቷ አምባሰል ሳሉ፣ አስታራቂ ሽማግሌ ይመጣል ከተባለ ዋዜማውን ቤቱ ይለቀለቃል። ለመውሊድ ይለቀለቃል፣ ዘመድ ከሩቅ ሲመጣ ይለቀለቃል። ሰው የሚመጣበትን ቤት ሳይለቀልቁ መቀበል ማለት ሰውየውን መናቅ ነው። ይሄን ማንም አላስተማራትም፤ እጇ ነው የሚያውቀው።

ማክሰኞ ከሰዓት ከሐይቁ እንደተመለሰች ከጎረቤት እበት ለመነች። ግድግዳውን በዓሣ ቢላዋዋ ፋቀችው። ጥቁሩ እየተቀረፈ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጠርጋ ደጅ ደፋችው። እበቱን በአመድ ለውሳ በመዳፏ መቀባት ጀመረች። ነገ ሰዎቹ ሊያዩት የሚመጡት ይሄንኑ መሆኑ አልመጣላትም። ብነግራችሁ አታምኑኝም ይሆናል፣ ግን አልመጣላትም። እንግዳ ይመጣል፣ ቤት ይለቀለቃል። በቃ።

እትዬ ሰብለ በደጅ ሲያልፉ አዩዋት።

«እንዴ፣ ልጄ! በደህና ነው? ማን ሊመጣ ነው?»

መስኡዳ እጇ ግድግዳው ላይ እንዳለ ቆመች። «እንግዳ» አለች።

«ምን ዓይነት እንግዳ?» አሏት። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው መመለሷን አዩና ዓይናቸው በራ። «ኑርዬ ነው እንዴ? ነው? ኧረ በእመቤቴ! ደወለ?»

አይደለም ማለት ነበረባት። አፏን ከፈተች። ከዚያ ማን ነው ሊሏት ነው። ቀበሌ ነው ልትላቸው ነው። አፏን መልሳ ዘጋች።

«እልልል!» አሉ እትዬ ሰብለ፣ ድምፃቸውን አፍነው። «ዝም በይ፣ ዝም በይ፣ ሰው አይስማ፤ ቡዳ አለ። ቆይ ነጭ አፈር አለኝ፣ ለትንሣኤ በዓል ያስቀመጥሁት። በዚህ በእበት ብቻ ትቀበይዋለሽ? ባልሽን?»

ሄዱና ነጭ አፈሩን በገበቴ ይዘው መጡ። ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው አብረዋት መለቅለቅ ጀመሩ። እሳቸው ከላይ፣ እሷ ከታች። ወገባቸውን እያመማቸው «አይዞሽ» ይሏታል። ኑርዬ ሲገባ ምን እንደሚበላ፣ ኢልሀም ምን እንደምትለብስ እየተናገሩ። «መክሳቱ አይቀርም። ዐረብ አገር ሰው ያከሳል። ምንም አትበይው ታዲያ፣ ወፍረሃል ነው የሚባል።» መስኡዳ ሰማች። እጇ ሠራ። ግድግዳው ሲያልቅ ነጭ ሆኖ፣ እንደ አዲስ ቤት ሆኖ አበራ። ምንም አልተሰማትም። ትንሽ ራሷን አመማት፣ ያ ብቻ።

ረቡዕ ጧት እትዬ ሰብለ ጌሾ እያጠጡ ሳለ አቶ ምንይችልና ፋሲካ በበሩ ገቡ።

«ምንይችል! ምን እግር ጣለህ? እናትህ ደህና ናት?»

«ደህና ናት እትዬ ሰብለ። ለሥራ ነው የመጣነው። ቤቱን ለማየት።»

«የቱን ቤት?»

«መስኡዳ ያመለከተችበትን።»

እትዬ ሰብለ የያዙትን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጡ። ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ሰዎቹ ወደ ክፍሏ ሲገቡ ተከትለው በሩ ላይ ቆሙ።

ፋሲካ ወደ ግድግዳው ሄደች። ወደ ጣሪያው አየች፣ ወደ ወለሉ አየች። «ሻጋታው የታል?»

«ከሥሩ ነው» አለች መስኡዳ።

«ከምኑ ሥር?»

«ከልቅለቃው።»

«መቼ ለቀለቅሽው?»

«ትናንት።»

«አትንኪ አላልሁሽም? ለምን ለቀለቅሽው?»

«ልትመጡ ነው ብዬ።»

ፋሲካ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቶ ምንይችል ግን ሳቁን መያዝ አልቻለም። «የጌታ ያለህ! ብዙ ከሳሽ አይቻለሁ፤ ማስረጃውን አሳምራ የምትጠብቅ ግን ዛሬ ገና አየሁ!» አለ። ከዚያ መስኡዳ እንዳልሳቀች ሲያይ ሳቁ ቀስ ብሎ ጠፋ። መዳፉን ግድግዳው ላይ አደረገ። «እርጥብ ነው» አለ።

«ትናንት የተለቀለቀ ምን ይሁን ኖሯል?» አሉ እትዬ ሰብለ ከበሩ ላይ ሆነው። «እኔው ነኝ አብሬ የለቀለቅሁ። በኔ ነጭ አፈር።»

እውነታቸውን ነው። ትናንት የተቀባ ግድግዳ እርጥበቱ ከቅቡ ይሁን ከጌሾው ማን ይለያል? አቶ ምንይችል ጭንቅላቱን አከከ። «እንግዲህ ይድረቅና ተመልሰን እናየዋለን» አለ። ፋሲካ ስትወጣ የኋላውን ቦይ አየችው፣ አንድ ነገር ልትል ነበር፣ ግን ሰውየው ወጥቶ ሄዷል።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ።

«ኑርዬ ይመጣል ብዬ እኮ ነው» አሉ እትዬ ሰብለ። ድምፃቸው አልጮኸም። «ወገቤ እስኪቆረጥ። ዝም ብለሽ አስለቀለቅሽኝ።»

«እሺ» አለች መስኡዳ።

«ምን እሺ ትይኛለሽ? ግድግዳው ክፉ ኸሆነ ለኔ አትነግሪኝም? ኸኔ ቤት እስከ ቀበሌ ድረስ ስትሄጂ እኔን አላየሽኝም በመንገድሽ?»

መልሷን አልጠበቁም። ጣሳቸውን አንሥተው ሄዱ።

ከዚያ በኋላም ኢልሀምን ጧት ጧት መቀስቀሳቸውን አልተውም። ግን ወደ ክፍሏ አይገቡም፣ ከደጅ ሆነው ነው የሚጠሯት። መስኡዳን «ልጄ» አይሏትም። ስሟንም አይጠሩትም። ጌሾውን ማጠጣታቸውን አልቀነሱም፤ እንዲያውም ቦዩዋ ሞልታ መፍሰስ ጀመረች።

ግድግዳው አልደረቀም።

ኅዳር ነው። ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ አጥር ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ ገና ቀትር ሳይሆን ያደርቃል። «የኔን ቤት ለመውሊድ ለቀለቅሁት፣ በማግስቱ ተደገፍሁት» አለቻት ዘሀራ። የመስኡዳ ግን ሲነኩት ቀዝቃዛ ነው፣ ጣት ይገባበታል። ከነጩ ሥር አንድ ጥላ የመሰለ ነገር ብቅ አለ፤ ዕለት ዕለት እየጠቆረ መጣ። መስኡዳ ታየዋለች። ቀበሌ ሄዳ «አልደረቀም» ማለት ብቻ ነበረ የሚፈለገው። ዘሀራ ልጇ ታማባት ወደ ኩታበር ሄዳለች። እና መስኡዳ ብቻዋን መሄድ አልሆነላትም። ነገ ትላለች። ነጋ ሲባል ዓሣ አለ።

አንድ ጧት ዓሣ ስትበልት አንድ ባለባጃጅ እየጮኸ መጣ። «መስኡዳ የምትባል ማን ናት? ልጅሽን ጤና ጣቢያ ወስደዋታል!»

ቢላዋዋን እዚያው ጥላ ተሳፈረች። ስትደርስ ክንዷ ላይ ያለው የዓሣ ቅርፊት ገና አልደረቀም ነበር። ኢልሀም አልጋ ላይ ተቀምጣለች፣ አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭስ የመሰለ ነገር የሚነፋ ጭንብል ተደርጎላታል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። እትዬ ሰብለ ከኋላዋ ሆነው ደግፈዋታል። በባዶ እግራቸው ናቸው። ልቀሰቅሳት ስጣራ ዝም ስትለኝ ገባሁ፣ አሉ። ወድቃ አገኘኋት። አዝዬ ነው ያመጣኋት፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ።

ነርሱ መስኡዳን አወቃት። «ያው ግድግዳ ነው?» አላት።

«ብርድ ነው» አሉ እትዬ ሰብለ ቀድመው። «ኅዳር ነው እኮ፣ ልጁ ሁሉ ያስለዋል።»

ነርሱ መስኡዳን ብቻ አያት።

መስኡዳ የልጇን እግር ያዘች። ቀዝቃዛ ነው። እንደ ግድግዳው ነው፣ አለች በልቧ። ማልቀስ ያለባት መሰላት፤ አለማልቀሷን እትዬ ሰብለ እያዩባት ነው። ግን አልመጣም። ልጅቷ መተንፈስ ስትጀምር፣ ዓይኗን ገልጣ «እማ» ስትላት፣ «መጣሁ» አለቻትና ወጣች። ቀበሌው ከዚያ ሩቅ አይደለም። ቅርፊቱን ከክንዷ ሳታራግፍ፣ ነጠላዋንም አፏ ላይ ሳታደርግ ገባች።

አቶ ምንይችል ከሰው ጋር እያወራ ነበር።

«አልደረቀም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ግድግዳው። አልደረቀም። ልጄ ጤና ጣቢያ ናት።»

እሱና ፋሲካ በዚያው ሰዓት ቤቷ መጡ። ፋሲካ አውራ ጣቷን ግድግዳው ላይ ጫነችው፣ እስከ ጥፍሯ ገባ። ስታወጣው ቀዳዳው ውስጥ ጥቁር ነው። ነጩን ቅብ በጥፍሯ ገለጥ አደረገች፤ ሻጋታው ከሥሩ እንዳለ ነበር፣ በዝቶ። ዞረው ከኋላ ጌሾውን አዩ። ቦዩዋን አዩ። ውሃው ግድግዳው ሥር ቆሟል።

እትዬ ሰብለ ኢልሀምን ይዘው ሲመለሱ ሁሉም ግቢው ውስጥ ቆመው አገኟቸው። ልጅቷን መደብ ላይ አስቀመጧት።

«እትዬ ሰብለ» አለ አቶ ምንይችል፣ «እርስዎ እናቴ እኔን ስትወልድ ያረሷት ሰው ነዎት።»

«እሱን ሳትረሳ ንገረኝ እንግዲህ።»

«አልረሳሁም። ግን ነገሩ ይሄ ነው። አከራይ ያከራየውን ቤት ሰው ሊኖርበት በሚችል ሁኔታ መያዝ አለበት። ጤና የሚጎዳ ከሆነ ተከራይ አስጠግኑልኝ ማለት ትችላለች። አልጠግንም ካሉም ለቃ መውጣት ትችላለች፣ ማንም አይይዛትም።»

«ስትገባ አይታው ነው የገባችው። ጌሾው ኸሷ በፊት ነበረ።»

«አይታውም ቢሆን። ጤና ነው።»

«ጌሾውን ነቅዬ ምን እበላለሁ? አንተ ታበላኛለህ?»

አቶ ምንይችልን ላብ አጠመቀው። ሰው ማስማማት ነው የለመደው። «እንዲህ ይሁን» አለ። «መስኡዳ ሌላ ቤት ትፈልግ። እኛም እናፈላልግላት። በሰላም ተመራርቃችሁ ትለያያላችሁ። ጌሾውም ይቆያል። አይሻልም?»

ይሻል ነበር። ለሁሉም ይቀል ነበር። እትዬ ሰብለም ትከሻቸው ወረድ አለ። መስኡዳ «እሺ» ልትል ነው ብለው ሁሉም አዩዋት፤ እሷም ልትል ነበር። ብቻ የት ትሄዳለች? ባል የሌላት፣ ዓሣ የምትሸት፣ ልጇ የምታፏጭባትን ሴት ማን ያስገባታል? ቢያስገባትስ ታችኛው ሰፈር ያለው ቤት ሁሉ ጭቃ ነው። ጧት ሐይቁ ላይ ስትሆንስ ኢልሀም ብትወድቅ ማን ያዝላታል?

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አለቻት ፋሲካ።

«ጌሾው ይነቀል» አለች መስኡዳ።

ቀስ ብላ ነው ያለችው። የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት። ቃሏን ለመመለስም አልሞከረችም። ደግማም አልተናገረችም።

እትዬ ሰብለ ትኩር ብለው አዩዋት። «ይነቀላ» አሉ በመጨረሻ። «ቀበሌ ፊት ካለች ይነቀላ።»

በማግስቱ ዶማ ይዘው ራሳቸው ነቀሉት። አቶ ምንይችል ወጣቶች ልላክ ቢላቸው እምቢ አሉ። መስኡዳ ከሐይቁ ስትመለስ ግማሹ ወድቋል። ቆማ አየችና ሥሩን እየጎተተች ታወጣላቸው ጀመር። አታግዢኝ አላሏት፣ አግዢኝም አላሏት። የጌሾ ሥር ጠንካራ ነው፤ አንዳንዱ ግድግዳውን ሰርስሮ ገብቶ ነበር፤ ሲጎተት የጭቃ ጓል ይዞ ይወጣል። ቦዩዋን አፈር ሞሉባት። ጥቂት ቅርንጫፍ አጥሩ ሥር ተከሉ፣ ግን ጌሾ ቶሎ አይደርስም። ግድግዳው እስኪደርቅ ኢልሀም ከኩታበር በተመለሰችው በዘሀራ ቤት ታድር ነበር።

ታኅሣሥ አለፈ። ጥር በነፋሱ አለፈ። የውጫሌ ጠማቂዎች መጥተው ባዶውን አይተው ተመለሱ። እትዬ ሰብለ በሩ ላይ ቆመው ሲሸኟቸው መስኡዳ ሰምታለች። «የተከራይዋን ልጅ አሳመመ ተብሎ ነው» አሏቸው። «ልጄ» አላሉም። ተከራይዋ ነው ያሉት። ልክም ነው፣ ተከራይ ናት።

የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ በሩን አንኳኩተው ገቡ። ሳያንኳኩ ነበር ድሮ የሚገቡት። ወደ ግድግዳው ሄደው መዳፋቸውን ዘርግተው አስቀመጡ። ቆዩ። ሌላ ቦታ ላይ አስቀመጡ።

«ደርቋል» አሉ።

«ደርቋል እትዬ።»

«ልጅቱስ?»

«ትናንት ከትምህርት ቤት ሮጣ ነው የመጣች።»

«አየኋት» አሉ። «ጫማዋ ጠቧታል።» ሌላ ነገር የሚሉ መስለው ነበር። አልጋውን አዩ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ልብስ አዩ። «እንግዲህ ኪራይሽን እየከፈልሽ ተቀመጭ» አሏትና ወጡ።

መስኡዳ ቆማ ቀረች። አሁን ይመጣል ብላ ጠበቀች፣ ልቅሶው ወይ ደስታው፣ የመጣው ይምጣ ብላ። አልመጣም። ውጭ ኢልሀም ከጎረቤት ልጆች ጋር እየጮኸች ትሯሯጣለች፤ እትዬ ሰብለ «ቀስ በይ አንቺ፣ ትወድቂያለሽ!» ሲሏት ተሰማ። ልጅቷም «እሺ እማማ!» ብላ ሩጫዋን ቀጠለች። መስኡዳ ጆሮዋን ወደ በሩ አድርጋ የልጇን ትንፋሽ አዳመጠች፣ ከጫጫታው ውስጥ ፉጨቱን እየፈለገች። የለም። ጎንበስ ብላ ምድጃውን አያያዘች።